አንድ ሺህ ቀን አጥንቶ አፉን ያልፈታ ተማሪ

በቋንቋ መማሪያ አፖች ላይ የሚሰማው ቅሬታ ከቋንቋ ቋንቋ ብዙም አይለያይም። ሰውየው ፈረንሳይኛ ወይም ስፓኒሽ መማር ከጀመረ ሁለት ሦስት ዓመት ሆኖታል። አንድም ቀን አላቋረጠም፤ አፑ ራሱ ይመሰክርለታል። የቋንቋው ተናጋሪ ፊቱ ቆሞ «እዚህ መሥራት ከጀመርክ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብሎ ሲጠይቀው ግን ጥያቄውን በግማሽ ይሰማል፣ መልሱም ከአፉ አልወጣ ይለዋል። ቃላቱን ያውቃቸዋል። ተጽፈው ቢያያቸው አንዳቸውንም አይስታቸውም። ያቃተው እነዚያን ቃላት ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ አገጣጥሞ በሰዓቱ መናገር ነው።

ይህን የሚሰሙ ብዙዎች ጥፋቱን ወደ ተማሪው ይመልሱታል። በቂ አልሠራህም፣ ከልብህ አልያዝከውም ይሉታል። እሱም ውሎ አድሮ «እኔ ለቋንቋ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። በዚህ ድምዳሜ አልስማማም። በየቀኑ ሩብ ሰዓቱን ለዓመታት ሳያጓድል የሰጠ ሰው ሰነፍ ሊባል አይገባውም። ነገሩ የሚገባን አፖቹ ምን እንደሚለኩ ስናይ ነው። ከምንም በላይ የሚለኩት ተማሪው በማግስቱ ተመልሶ መምጣቱን ነው፤ መናገር መቻሉን የሚለኩበት ቀን እምብዛም የለም። ትምህርቱም ከዓመት ዓመት በሚለካው ነገር ልክ እየተሰፋ መጥቷል።

በመልመጃው ውስጥ የሚሆነው

አንድ የተለመደ መልመጃ እንመልከት። ከላይ ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ከታች ስምንት ወይም አሥር ቃላት በየሳጥናቸው ተደርድረዋል። ተማሪው የሚያስፈልጉትን በቅደም ተከተል ይነካል። አረንጓዴ ይበራል፣ የደስታ ድምፅ ይሰማል፣ ነጥብ ይጨመራል። ተማሪው ግን አንድም ቃል ከራሱ ትዝታ አላወጣም፤ የሚፈልጋቸው ቃላት ሁሉ ቀድመው ዓይኑ ሥር ተቀምጠውለታል። ከቀረቡት ግሶች ከባለቤቱ ጋር የሚስማማው አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ትርጉሙን ሳያውቅ እንኳ የማይሆኑትን በማስወገድ ትክክለኛው ላይ ይደርሳል። የምርጫ ፈተና ተፈትኖ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል።

አይቶ መለየትና አስታውሶ ማውጣት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቶሎ ይመጣል፣ ሲመጣም ቋንቋውን የቻልነው ያስመስለናል። ሁለተኛው የሚገኘው ደጋግሞ በማውጣት ብቻ ነው። ካናዳዊቷ የቋንቋ ምሁር ሜሪል ስዌይን በ1985 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቀረበችው ሐሳብ ዛሬም ለዚህ ጉዳይ የተሻለው ማብራሪያ ይመስለኛል። በካናዳ፣ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የመጡ ልጆች ሌሎቹን የትምህርት ዓይነቶች ጭምር በፈረንሳይኛ የሚማሩባቸው ክፍሎች አሉ። እነዚህ ልጆች ለዓመታት ፈረንሳይኛ ሲሰሙና ሲያነቡ ቆይተው በመረዳት ረገድ እጅግ ጥሩ ደረጃ ላይ ደርሰዋል። ሲናገሩና ሲጽፉ ግን በፈረንሳይኛ አፋቸውን ከፈቱ እኩዮቻቸው በግልጽ ያንሳሉ። ስዌይን እንዳለችው፣ መስማት ብቻውን አይበቃም። ሰው የሚጎድለውን የሚያውቀው ለመናገር ሞክሮ ቃል ሲያጥረው፣ ጊዜውን ሲያዛባ፣ ሰሚው ሳይገባው ሲቀር ነው።

እነዚያ ልጆች መምህር ነበራቸው፣ የክፍል ጓደኛ ነበራቸው፣ ቀኑን ሙሉ በቋንቋው ይውሉ ነበር። የአፑ ተማሪ ከዚህ አንዱንም ሳያገኝ ነው እንዲናገር የሚጠበቀው።

ሌላም የጊዜ ጉዳይ አለ። በ2009 የታተመና አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት፣ በጭውውት ውስጥ አንዱ ጠይቆ ሌላው እስኪመልስ ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ሰዎች ይህን የሚችሉት ሌላው ተናግሮ ሳይጨርስ መልሳቸውን ማዘጋጀት ስለሚጀምሩ ነው። አፑ ግን ይታገሣል። ተማሪው አንድ ደቂቃ ቢያስብ፣ ተነሥቶ ውሃ ጠጥቶ ቢመለስ፣ ጥያቄው እንዳለ ይጠብቀዋል። ይህ ትዕግሥት ለጀማሪ ደግ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቀጥል ግን ተማሪው ከሰው ጋር ለሚኖረው ንግግር የሚያስፈልገውን ፍጥነት ፈጽሞ ሳይለማመድ ያድጋል። በብዙ አፖች «የንግግር ልምምድ» የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈን ዓረፍተ ነገር ማይክሮፎኑ ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

የጥናት ማስረጃ የለም ማለቴ አይደለም። የቋንቋ መማሪያ አፕ የሚያቀርበው ኩባንያ ዱኦሊንጎ በ2012 ያሠራው ጥናት፣ በአማካይ 34 ሰዓት በአፑ ስፓኒሽ ማጥናት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሴሚስተር ትምህርት ያህል ነው ብሎ ነበር፤ ኩባንያውም ይህን ቁጥር ለዓመታት ለማስታወቂያ ተጠቅሞበታል። መለኪያው ግን ተማሪዎችን በየደረጃቸው ለመመደብ የሚያገለግል የኮምፒውተር የምርጫ ፈተና ነበር፤ አፉን ከፍቶ እንዲናገር የተጠየቀ ተማሪ የለም። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ያወጣውና የጀማሪውን ትምህርት የጨረሱ ሰዎችን ከአራት ሴሚስተር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ያነጻጸረው ጥናትም የለካው ማንበብንና ማዳመጥን ነው። ውጤቶቹን እንዳሉ ብንቀበል እንኳ የሚነግሩን መጀመሪያ ያነሳነውን ነው። አፑ በሚያሠለጥነው ነገር ሰው ይሻሻላል፤ የማያሠለጥነው እዚያው ይቀራል።

በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም ለረጅም ዓመታት የሰበሰበው ልምድ አለው። በዚያ ግምት መሠረት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪ ሥራውን በስፓኒሽ ለመሥራት ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ያስፈልገዋል። አማርኛ 1,100 ሰዓት ገደማ ከሚጠይቁት ምድብ ነው። ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ቻይንኛና አረብኛ 2,200 ሰዓት ተሰጥቷቸዋል። ይህ ሁሉ ከመምህር ጋር የሚያልፍ ሰዓት ነው፤ የቤት ሥራው ከዚህ ላይ ይጨመራል።

በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ በዓመት 91 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ስፓኒሽ ከስድስት ዓመት ተኩል እስከ ስምንት ዓመት ይወስዳል፣ ጃፓንኛ ደግሞ ሃያ አራት ዓመት። ግቡ ከፍ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ሰላምታ ለመለዋወጥና መንገድ ለመጠየቅ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ነገር ግን አፖቹ ሲተዋወቁ የሚሸጡት ምኞት መንገድ መጠየቅ አይደለም፣ ቋንቋውን መቻል ነው። ተማሪው ገና ሲመዘገብ «በቀን ስንት ደቂቃ ትፈልጋለህ? አምስት? አሥር?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። አምስቱን የመረጠ ሰው የት እንደሚደርስ በዚያው ገጽ በሐቅ ቢነገረው ከኋላ የሚመጣው ብስጭት ግማሹ በቀረ ነበር።

ኩባንያው የሚቆጥረው

በዚህ ክፍል ዱኦሊንጎን ደጋግሜ አነሳለሁ፤ ትልቁ እሱ ስለሆነና ሒሳቡም በይፋ ስለሚታተም ነው። ድርጅቱን የመሠረቱት ሉዊስ ፎን አን እና ሴቨሪን ሃከር ናቸው፤ መነሻውም በፒትስበርግ የሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ነበር። አፑ ለሕዝብ የተከፈተው በ2012 ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ተማሪዎች እየተለማመዱ እግረ መንገዳቸውን የኢንተርኔት ጽሑፎችን እንዲተረጉሙ፣ ገንዘቡም ከትርጉሙ እንዲገኝ ነበር፤ እንደ ሲኤንኤን ያሉ የዜና ድርጅቶችም ደንበኛ ሆነው ነበር። ያ አካሄድ ቀረና በቦታው ማስታወቂያና የአባልነት ክፍያ ገቡ። ኩባንያው በሐምሌ 2021 በናስዳክ የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ በየሩብ ዓመቱ ለባለ አክሲዮኖች ከሚያቀርባቸው ቁጥሮች ከፊት የሚቆመው በየቀኑ አፑን የሚከፍቱ ሰዎች ብዛት ነው። በ2024 መጨረሻ ይህ ቁጥር 40 ሚሊዮን አልፏል። በወር አንዴም ቢሆን የሚጠቀሙት ከ116 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ ከፋዮቹ ዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል ናቸው።

ስትሪክ የሚባለው የተከታታይ ቀናት ቆጠራ፣ ተማሪዎች በነጥብ የሚወዳደሩበትና ከነሐስ እስከ አልማዝ የሚወጣው ሊግ፣ የአፑ ምልክት በሆነው ጉጉት ስም ማታ ማታ የሚመጣው ማሳሰቢያ፣ ሁሉም ያንን የቀን ቁጥር ለማሳደግ ያገለግላሉ። ስትሪክ መጥፎ ነገር አይደለም። ለጀማሪ ልማድ ማስያዝ ከባዱ ሥራ ነው፤ በዚያ ረገድ አፖቹ መምህራን ያልቻሉትን ችለዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው ቆጠራው በራሱ ግብ ሲሆን ነው። ስትሪኩን ለማዳን አንድ አጭር ትምህርት ይበቃል፤ ከሳምንት በፊት የጨረሱትን ቀላል ትምህርት መድገምም ይቆጠራል። ያመለጠን ቀን የሚሸፍን መከላከያም አለ፤ በአፑ ውስጥ በሚሰበሰብ እንቁ ይገዛል። ሊጉ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ነጥብ ቶሎ የሚያስገኝለትን መልመጃ ይመርጣል፤ ያም ሁልጊዜ የሚያውቀውና የማያደክመው ነው። ቋንቋ የሚገባው ግን ተማሪው በሚደናቀፍበት ቦታ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የስህተት አያያዙ ነው። በነፃው የስልክ አፕ ተማሪው ለዓመታት አምስት «ልብ» ይሰጠው ነበር። በተሳሳተ ቁጥር አንድ ይቀነሳል። ሲያልቁ ወይ ይጠብቃል፣ ወይ ልምምድ ይደግማል፣ ወይ ይከፍላል። ከ2025 ወዲህ ልቡ በ«ኢነርጂ» እየተተካ ነው፤ ይህ ደግሞ ተማሪው በትክክል ቢመልስም ከጥያቄ ጥያቄ እየቀነሰ ይሄዳል። ልጅ አፉን ሲፈታ የሚሳሳተው ብዛት ቢቆጠር አያልቅም፤ ማንም በስህተቱ ቁጥር ከንግግር አያግደውም። ስህተት ዋጋ ሲወጣበት ተማሪው መድፈሩን ያቆምና እርግጠኛ የሆነበትን ብቻ ይነካል። ነፃው አገልግሎት ገደብ እንዲኖረው ማድረግ የኩባንያው መብት ነው። ገደቡን ግን በሰዓት ወይም በትምህርት ብዛት ማድረግ ሲቻል ለዓመታት በስህተት ላይ መጣሉ፣ ለመማር ከሚያስፈልገው ነገር ዋነኛውን ክፍያ የሚጠየቅበት አድርጎት ነበር።

በ2022 ሁለት ለውጦች ተከታትለው መጡ። የተጠቃሚዎች የውይይት መድረክ ተዘጋ። ከዚያም ተማሪው ወደ ፈለገው ርዕስ የሚሄድበት የቀድሞው የትምህርት ዛፍ ተነሥቶ ሁሉም አንድ መስመር ይዞ እንዲሄድ ተደረገ። የመድረኩ መዘጋት ከውጭ ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል። እዚያ ግን ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች «ይህ መልስ ለምን ትክክል ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ ለዓመታት በትዕግሥት ሲመልሱ ኖረዋል። አፑ «ተሳስተሃል» ሲል እነሱ ምክንያቱን ይናገሩ ነበር። ዛሬ በማሽን የሚሰጥ ማብራሪያ አለ፤ ሲጀመር የቀረበው ግን የበለጠ ለሚከፍል ነው።

በበጎ ፈቃደኞች የተሠሩ ትምህርቶችም ታሪካቸው ያሳዝናል። የአየርላንድኛው ትምህርት በ2014 ሲከፈት ያዘጋጁት ያለ ክፍያ የሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ለቋንቋቸው ባደረጉት አስተዋጽኦ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ማይክል ዲ. ሂጊንስ አመስግነዋቸዋል። የበጎ ፈቃድ ሥርዓቱ በ2021 አበቃ። በ2023 የዌልስኛው ትምህርት ከእንግዲህ እንደማይሻሻል ተነገረ። አነስተኛ ቋንቋዎችን የሚማር ሰው ቁጥሩ ብዙ ስላልሆነ የቀን ቆጠራውን አያንቀሳቅስም፤ ስለዚህም ከወረፋው መጨረሻ ይቆማል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ያልተሠራ ትምህርት

በሚያዝያ 2025 የዱኦሊንጎ ኃላፊ ለሠራተኞች በጻፉት ደብዳቤ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ከድርጅቱ ውጭ በኮንትራት ለሚሠሩ ሰዎች መስጠት ቀስ በቀስ እንደሚቆም አስታወቁ። ብዙ ተጠቃሚዎች ተቆጡ። ወዲያው ደግሞ 148 አዳዲስ ትምህርቶች መከፈታቸው ተነገረ። የመጀመሪያዎቹን መቶ ትምህርቶች ለመሥራት አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶ እንደነበር፣ አሁን ግን 150 የሚጠጉ በአንድ ዓመት ገደማ መሠራታቸውን ኩባንያው በኩራት ገልጿል። ትምህርቶቹ በብዛት ለጀማሪ የሆኑና እንደ ስፓኒሽ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ ያሉትን ታዋቂ ቋንቋዎች አፑ በሚሠራባቸው 28 ቋንቋዎች ሁሉ ለማስተማር የታሰቡ ናቸው። ከ28ቱ ውስጥ አማርኛ የለም። አማርኛን ራሱን የሚያስተምር ትምህርትም አልተከፈተም። ለቴሌቪዥን ድራማ የተፈጠረው ሃይ ቫሊሪያን በ2017፣ የስታር ትሬክ ፊልሞች የፈጠራ ቋንቋ የሆነው ክሊንጎን ደግሞ በ2018 ትምህርት ተከፍቶላቸዋል።

ይህን የማነሳው ለክብር ብቻ አይደለም፤ በመማሩ ላይ የሚያመጣው እንቅፋት ስላለ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጃፓንኛ ለመማር ሲነሣ የሚያልፈው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። የእንግሊዝኛው ማብራሪያ ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱን እንደ ትልቅ እንግዳ ነገር እየደጋገመ ያስጠናዋል። እሱ ግን ግሱን መጨረሻ ላይ እያሳረፈ ያደገ ሰው ነው። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ መለየት በጣልያንኛና በጃፓንኛ ትርጉም ይለውጣል፤ ይህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ አስቸጋሪ ሲሆን ለአማርኛ ተናጋሪ ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አረብኛ ከተነባቢ ሥሮች ግስ የሚያረባበት መንገድም ለሴማዊ ቋንቋ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። ከራሱ ቋንቋ ተነሥቶ ቢማር እነዚህን በጥቂት ቀን ያልፋቸውና ጉልበቱን የእውነት ወደሚከብደው ነገር፣ ለምሳሌ ወደ ጽሕፈቱ፣ ያዞር ነበር። አሁን ያለው ግን የሌላውን ሰው ችግር ሲያጠና ይውላል፤ የራሱን ችግር የሚነግረው የለም። እንግሊዝኛው ያልጠነከረ ከሆነ ደግሞ መልሱን የሚስተው የጃፓንኛው ዕውቀት ጎድሎት ይሁን የእንግሊዝኛው እንኳ ለማወቅ ይቸገራል።

አፖቹን ከስልክ ማጥፋት መፍትሔ አይመስለኝም። አዲስ ፊደል ለመለየት፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ቃላት ለመያዝ፣ ከቋንቋው ድምፅ ጋር ለመላመድ የተሻለ ርካሽ መንገድ ማግኘት ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪው ሰዓቱን ማካፈል አለበት። ከአፑ ከሚያገኘው ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስቱን ስልኩን ዘግቶ በቃሉ ይድገማቸው፣ የራሱን ሕይወት እያስገባ ይቀያይራቸው፣ ድምፁን ቀድቶ ይስማው። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ከቋንቋው ተናጋሪ ጋር መነጋገር፣ ቢንተባተብም፣ ከሳምንቱ የአፕ ልምምድ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የቋንቋ ልውውጥ አፖች ለዚህ ይረዳሉ፤ እኔ አማርኛ አስተምርሃለሁ፣ አንተ ቋንቋህን ታስተምረኛለህ የሚል ሰው ይገኝባቸዋል።

ከኩባንያዎቹም መጠየቅ ያለበት ግልጽ ነው። በየቀኑ ስንት ሰው እንደመጣ በዚያ ትክክለኛነት መቁጠር የሚችል ድርጅት፣ አንድን ትምህርት ከጨረሱት ውስጥ ስንቶቹ የአምስት ደቂቃ ንግግር ማካሄድ እንደቻሉ ፈትኖ ማሳተም አያቅተውም። ተማሪም ከመክፈሉ በፊት ይህን ቁጥር የመጠየቅ መብት አለው።

በአማርኛ በኩል ደግሞ ማንንም ሳይጠብቁ የሚጀመር ሥራ አለ። አንኪ የሚባለው የቃል ካርድ ፕሮግራም ከ2006 ጀምሮ ያለ ነው፤ ካርዱን የሚያቀርበው ተማሪው ሊረሳው ሲቃረብ እንዲሆን አድርጎ ነው፣ ማንም ሰው ያዘጋጀውን ስብስብ ለሌሎች በነፃ ማካፈል ይችላል። ካርዱ ምርጫ አይደረድርም፤ መልሱን ተማሪው ራሱ አስታውሶ ማውጣት አለበት። ጃፓንኛ፣ ቱርክኛ ወይም አረብኛ የሚያውቁ አማርኛ ተናጋሪዎች በአንድ ወገን አማርኛውን፣ በሌላው የውጭውን ቋንቋ ከነድምፁ አስገብተው፣ የትኛው ለእኛ እንደሚቀልና የትኛው እንደሚከብድ በአጭሩ ቢጽፉበት፣ ከእነሱ በኋላ የሚጀምር ተማሪ በሦስተኛ ቋንቋ በኩል መዞሩ ይቀርለታል። የአየርላንድኛውን ትምህርት የጀመሩትም ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።